የቆመው ላይዳ

የፕሮፌሰር ዓለምነህ አስከሬን በወይራ አፋፍ ገደል ሥር በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። ከአውድማው ወደ ትምህርት ቤቱ የሚወስደው የእግር መንገድ ከበላዩ ያልፋል። ማልዳ ውኃ ልትቀዳ የወረደች ሴት ናት አይታ የጮኸችው። የታኅሣሥ ጭጋግ ገና ከገደሉ አልተነሣም ነበር። መጀመሪያ የደረሱት ሰዎች ሁሉም አንድ ነገር አሰቡ፤ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ሰውየው ከተማ የከረመ ነው፣ በጨለማ እግሩ ስቶታል። ፀሐይ ስትወጣ ግን ወሬው ተለወጠ። በዋዜማው ታላቅ ወንድሙ አንዳርጌ አውድማው ላይ «እጄን ታስነሳኛለህ!» ብሎ ሲጮህበት መንደሩ ሰምቷል። ለመጨረሻ ጊዜ አብሮት የታየውም እሱ ነው።

ኢንስፔክተር ሐረገወይን ከደብረ ታቦር ተነሥታ የወገዳን ከተማ አልፋ ወይራ አፋፍ ስትደርስ ቀትር ሆኗል። ፖሊስ ከመሆኗ በፊት ባዮሎጂ ያስተማረች፣ ጠይም፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ሰው ሲያናግራት ከፊቱ ይልቅ እጁን ታያለች። ወጣቱ ሳጅን ፍሥሐ አንዳርጌን በካቴና አሥሮ ከአንድ የወይራ ዛፍ ሥር አስቀምጦት አገኘችው።

«አይክድም፣ አያምንም» አላት ሳጅኑ። «መጮሁን ብቻ ነው ያመነ።»

አንዳርጌ ጎልማሳነቱን የጨረሰ፣ ትከሻው የሰፋ ገበሬ ነው። ሐረገወይን አጠገቡ ድንጋይ ላይ ስትቀመጥ ቀና አላለም። የለመናት አንድ ነገር ነው፤ ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ያድርጉት፣ ብቻ ወንድሙ ሲቀበር መቃብሩ አጠገብ ያቁሙት። ችግሩ ካቴናው ብቻ አልነበረም። የደብሩ ካህናትና ሽማግሌዎች መክረው፣ በወንድሙ ደም የተጠረጠረ ሰው ነገሩ ሳይጠራ ከመቃብር አይቆምም ብለዋል። አስከሬኑ ለምርመራ ወደ ሆስፒታል ሊሄድ ነው። ተመልሶ እስኪቀበር ያለው ጊዜ ብቻ ነው ለአንዳርጌ የቀረው።

«አባታችን ሲሞት እሱ ሕፃን ነበር» አላት። «በጀርባዬ አዝዬ ነው ቀብሩ ላይ ያደረስሁት። ዛሬ እሱን ካላደረስሁ፣ እሥሩ ምን ይጨምርብኛል እሜቴ?»

«ለምን ጮሁበት?»

ይህን ለመናገር አፈረ። ቀስ በቀስ ግን ወጣ። ፕሮፌሰር ዓለምነህ የኢኮኖሚክስ ሊቅ የሆነው በዚሁ መንደር ምክንያት ነው። ገበሬ ለጠያቂ የሚናገረው ምርት ከእውነተኛው ለምን እንደሚያንስ ያሳየ ጥናቱ ለዶክትሬት አበቃው። ከረዳት ፕሮፌሰርነት እስከ ሙሉ ፕሮፌሰርነት ያደረሱት ጽሑፎችም ከዚያው የፈለቁ ናቸው። የጥናቱ ፍሬ ነገር የመንደሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ አውድማ ላይ ያለ እህል አይቆጠርም፣ አይመዘንም። ጎተራ እስኪገባ ድረስ የባለቤቱ አይደለም፣ የእግዚአብሔር ነው። ዘንድሮ ግን አንድ የውጭ አገር መጽሔት የፕሮፌሰሩን ጽሑፍ «በሚዛን ያልተደገፈ» ብሎ መለሰበት። እሱም ሲያስተምረው የኖረውን ነገር ትቶ፣ ሚዛን ይዞ፣ ባልደረቦቹን አስከትሎ ወንድሙ አውድማ ላይ ደረሰ።

«ሚዛኑን ሲያወጣ ደሜ ፈላ» አለ አንዳርጌ። «ኋላ ግን አንገቱን ደፍቶ መጣ፤ ልጅ ሳለ እንደሚያደርገው። ‹ጋሼ፣ አንተ ሂድና እራትህን ብላ፣ ምርቱን እኔ እጠብቅልሃለሁ› አለኝ። በልቼ ብመለስ የለም። ጨልሟል። ትምህርት ቤቱ ሄዶ የተኛ መስሎኝ እኔ ከጭዱ ሥር ጋደም አልሁ። እሱ ለካ ከገደሉ ሥር ነበር።»

ሐረገወይን ወደ አስከሬኑ ወረደች። የራስ ቅሉ በስተኋላ ተሰብሯል። ኮቱ ተቀዳዷል፣ ጥቁር የቆዳ ጫማው ግን ማሰሪያው ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። ማሰሪያውን ፈትታ ጫማውን አወለቀች። የካልሲው መርገጫ በገብስ እብቅ ተሸፍኗል። የገብሱ ሹል ጭራ በካልሲው አልፎ የውስጥ እግሩን ወግቶታል። አንድ ጭራ ነቅላ ለሳጅኑ ሰጠችው።

«ጫማህን አውልቅና ይህችን ከካልሲህ ሥር አስገብተህ ልበሰው።»

ፍሥሐ የታዘዘውን አደረገ። አንዴ ረግጦ በአንድ እግሩ ተንጠለጠለ።

«እስከ ትምህርት ቤቱ ትሄድበታለህ?»

«እንኳን ትምህርት ቤት፣ እዚያች ድንጋይ አልደርስም ኢንስፔክተር።»

«እሱም አልሄደም» አለች።

ወደ አውድማው ወጡ። ሐረገወይን ከዳሩ ላይ ጫማዋን አወለቀች፤ አውድማ በጫማ አይረገጥም። የአንዳርጌ ሚስት ገበያነሽ ከወዲያ ዳር ተቀምጣ ፍየልና ዶሮ ታባርራለች። ባሏ ታስሮ ምርቱን ወደ ጎተራ የሚያስገባ ስለሌለ ሁሉም እንዳደረ ነው። የተወቃው ገብስ በመካከል ተቆልሏል። በቁልሉ ጎን ላይ መስቀል ተሰምሯል። ላይዳው፣ እህልና እብቅ የሚለዩበት ሰፊ የእንጨት መዛቂያ፣ ከቁልሉ አናት ላይ ቀጥ ብሎ ተተክሏል።

«ይህን ላይዳ ማን አቆመው?»

ገበያነሽ ቀና ብላ አየችው። እስከዚያች ሰዓት ልብ ያላለችው ይመስላል። «እንጃ እቴ። እኛስ ማታ ማታ መስቀሉን አስምረን ላይዳውን ከምርቱ ላይ እናጋድመዋለን። አንዳርጌን ለእራት ልጠራው ስመጣ አጋድሞት ነበር፣ በዓይኔ አይቻለሁ። አሁን ሲያዩት... ምን ነካው?»

ሐረገወይን ቁልሉን ዞረችው። በአንድ በኩል ጎኑ ተንዶ እንደገና የተከመረ ነው። ከዚያው ትይዩ፣ አውድማውን ከከበቡት ድንጋዮች አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ የጸዳ ነው፤ ተጠርጓል። ጎንበስ ብላ ከሥሩ ያለውን ስንጥቅ አየች። ስንጥቁ ውስጥ የደረቀ ጥቁር ነገር አለ። ከዚያ ዓይኗን በአካባቢው ስታዞር ከቁጥቋጦው ሥር አፈሩ ተቆፍሮ የተመለሰ ቦታ አገኘች። ከላዩ ድንጋይ ተጭኖበታል። ሳጅኑ ሲቆፍረው ደም የነካው ገብስ ወጣ።

«ገደሉ አጠገቡ ሆኖ ለምን አልወረወረውም?» አለ ፍሥሐ።

ሐረገወይን እህሉን በከረጢት አስገብታ አሸገችው። ስለ ላይዳው ለማንም እንዳትናገር ገበያነሽን አደራ አለቻት።

ከፕሮፌሰሩ ጋር የመጡት ሦስት እንግዶች በትምህርት ቤቱ የመምህራን ማደሪያ ነበሩ። መጀመሪያ የገባችው ወደ ዶክተር እዮብ ክፍል ነው። ዶክተር እዮብ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ ተወልዶ ያደገው ከተማ ነው። በመጣ ቀን በጫማው አውድማ ላይ ቆሞ አንዳርጌ በመንሽ እንዳባረረው ራሱ ነገራት፤ ሊስቅ ሞከረና አልሆነለትም። የተባባሪ ፕሮፌሰርነት ማዕረጉ በፕሮፌሰር ዓለምነህ እጅ ቆሞ እንደነበርም አልደበቀም። ያቀረበው ጽሑፍ ያለ ግምገማ የሚያትም መጽሔት ላይ የወጣ ነው።

«ፕሮፌሰሩ ምን አሉ?»

«‹ይህን ከዝርዝርህ አውጣው፤ እኔም አላየሁትም፣ አንተም አላቀረብኸውም› አለኝ። ሰው ማዋረድ አይወድም ነበር። አንዳንዴ ከሚገባው በላይ ይሸፍን ነበር።»

«ሌላ ማንን ሸፍነው ነበር?»

እዮብ መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፤ ስለ ሞተ ሰው ክፉ መናገር አልፈልግም አለ። ሐረገወይን የጠየቀችው ስለ ሞተው ሰው እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ሁለተኛዋ ዕፀገነት የፕሮፌሰሩ የጥናት ረዳት ናት። ለዶክትሬት ያመለከተችው ካቻምና ሲሆን እስካሁን አልገባችም። ሐረገወይን ለመግባት ምን ምን እንደሚጠየቅ ስትጠይቃት በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት። የማስተርስ ውጤት አላት። ሁለት የድጋፍ ደብዳቤ አስገብታለች። የመግቢያ ፈተናውን አንደኛ ነው የወጣችው፣ የምርምር ንድፈ ሐሳቧም በኮሚቴ ፊት ቀርቦ አልፏል። የጎደላት መሥሪያ ቤቷ ትማርልኝ የሚል ማረጋገጫ ነው፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ ፕሮፌሰር ዓለምነህ ያለዚያ አልቀበልሽም አላት።

«አልቅሻለሁ» አለች ዕፀገነት። «ተሳድቤያለሁም። ደንብ ደንብ ነው አለኝ።»

«ለማንም አያላሉትም ነበር?»

ልጅቷ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሦስተኛውን እንግዳ «ዶክተር፣ ወንበር ላምጣልዎ?» እያለው ነበር። ዕፀገነት ፈጥና ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች። «ለማንም» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ሦስተኛው ዘመነ ነው። የፕሮፌሰሩ የቀድሞ ተማሪ፣ የኮሌጅ መምህር፣ የእስቴ ገበሬ ልጅ። አስከሬኑ በተገኘበት በዚያው ቀን ፕሮፌሰሩን ይዞ ከወረዳው ከተማ ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብሎ ወዳለው አባቱ ቤት ሊሄድ ቀጠሮ ነበረው። አባቱ ልጃቸውን ለዶክትሬት ያበቃውን መምህር በሽማግሌ ፊት ሊያመሰግኑ ድንኳን ጥለው ይጠብቁ ነበር። ዘመነ በዋዜማው ምሽት ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታው ላይ እንደነበር ተናገረ፤ ያየው ሰው የለም። ጣቶቹ ንጹሕ ናቸው። የቀኝ እጁ ሁለት ጥፍሮች ግን እስከ ሥጋው ተቆርጠዋል፤ ሌሎቹ ረዣዥም ናቸው።

«ዶክትሬትዎን ጨረሱ?» አለችው።

«መጨረሻው ላይ ነኝ።»

«መግቢያው ከባድ ነው ሲሉ ሰማሁ።»

«ከባድ ነው» አለ፤ ከዚያ ያልተጠየቀውን ጠየቀ። «አንዳርጌን... ይፈቱታል አይደል?»

ሐረገወይን እንደምትፈታው አልነገረችውም፤ እንደማትፈታውም።

በማግስቱ ወደ እስቴ መኪና ይዛ ሄደች። መንገዱ ቀኑን በላው። የሄደችው ከትናንት ጀምሮ በከንቱ ለሚጠብቁት ለዘመነ አባት እንግዳው እንደማይመጣ ለመንገር ነው፤ ቢያንስ ለሳጅኑ ያለችው እንዲያ ነው። አባትየውን፣ አቶ ዋሴን፣ ያገኘችው በድንኳኑ በር ላይ ነው። ቤቱን ስትጠይቅ የመንደሩ ሰው «የዶክተሩን አባት ነው?» እያለ ነበር የመራት። ሽማግሌው የፕሮፌሰሩን ሞት ሲሰሙ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው አለቀሱ። ኋላም የልጃቸውን ነገር አነሡ። የመግባቱ ዜና ሲመጣ አንዱን የእርሻ በሬ አርደው መንደሩን አብልተዋል። ከዚያ ወዲህ የሚያርሱት ከጎረቤት ጋር በሬ እያቀናጁ ነው፤ አይቆጫቸውም። ለቀብሩ እሄዳለሁ አሉ። ይቅሩ ማለት አልቻለችም። ከመሄዷ በፊት አውድማቸውን እንድታይ ጋበዟት። ሐረገወይን ቁልሉን፣ መስቀሉንና ላይዳውን አየች። የሆነ ነገር ልትጠይቅ አፏን ከፈተች፤ የሽማግሌውን ደስታ አይታ መልሳ ዘጋችው።

አስከሬኑ ከሆስፒታል በተመለሰ ቀን ሕዝቡ በወይራ አፋፍ ቤተ ክርስቲያን ተሰበሰበ። ሐረገወይን ፍትሐቱ ሳይጀመር የደብሩን አለቃ ጥቂት ጊዜ ለመነች። በደጀ ሰላሙ ውስጥ የተቀመጡት ጥቂት ናቸው፤ አለቃውና ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንዳርጌ በካቴና፣ ገበያነሽ፣ እዮብ፣ ዕፀገነት፣ ዘመነ። አቶ ዋሴ ከለቀስተኛው ጋር ውጭ እንዲቆዩ ለሳጅኑ ነግራው ነበር። እሳቸው ግን የሟቹ ባለውለታ ነኝ ብለው ገብተው ከበሩ ጥግ ቆመዋል። ሐረገወይን አየቻቸው፤ ልታስወጣቸው ግን ምክንያቱን መናገር ነበረባት።

«ፕሮፌሰር ዓለምነህ ከገደል ወድቀው አልሞቱም» ብላ ጀመረች። «ሆስፒታሉም የራስ ቅላቸው የተሰበረው ከገደሉ ከመውደቃቸው በፊት እንደሆነ ነግሮኛል። ለእኔ ግን መጀመሪያ የነገረኝ ካልሲያቸው ነው። መርገጫው በገብስ ጭራ ተሞልቷል። እንዲህ ያለ እግር ይዞ ጫማ አጥልቆ የሚሄድ ሰው የለም። ጫማቸውን አውድማው ዳር አውልቀው ነበር። ያጠለቀላቸው ሌላ ሰው ነው፤ በመንገድ ሲሄዱ የወደቁ ለማስመሰል።»

አለቃው በመስቀላቸው ጉልበታቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «ስለዚህ አውድማው ላይ ነው።»

«አዎ አባቴ። ከአውድማው ድንጋዮች አንዱ ላይ ነው የወደቁት። ሲወድቁ የምርቱ ጎን ተናደ፣ ደማቸው እህሉን ነካው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ያስገረመኝ። ያ ሰው ደም የነካውን እህል በእጁ ለቅሞ፣ በጥፍሩ ቆፍሮ ቀበረው። ገደሉ አጠገቡ ነበር፤ አልወረወረውም። የተናደውን መልሶ ከመረ፣ መስቀሉን አሰመረ፣ ላይዳውን ከቦታው መለሰ። እየሸሸ ያለ ሰው ይህን ሁሉ ለምን ያደርጋል? እህል ገደል መወርወር፣ ምርቱንም ያለ ምልክት ጥሎት መሄድ ስላልቻለ ነው። የገበሬ ልጅ ነው።»

ወደ እዮብ ዞረች። «ዶክተር፣ እርስዎ አውድማ በጫማ የማይረገጥ መሆኑንም አያውቁም ነበር።» እዮብ አንገቱን ደፋ። «ዕፀገነትም ከተሜ ናት፤ ደም ብታይ ጭድ ታለብስበት ነበር እንጂ መስቀል አታሰምርም።»

«ታዲያ የቀረው እኔ ነኝ» አለ አንዳርጌ በቀስታ።

«የለም። እርስዎ ላይዳውን ያጋድማሉ። ባለቤትዎ ተጋድሞ አይተውታል። ጠዋት ግን ቆሞ ነበር። ያ ሰው ምርቱን ወደ ነበረበት ሲመልስ፣ እጁ የለመደውን አደረገ። የእጁ ልማድ ደግሞ የዚህ መንደር አይደለም።»

ዘመነ ተነሥቶ ቆመ። «ኢንስፔክተር፣ ላይዳ ማንም ሊያቆም ይችላል። ጠዋት የመጣ ሰው አቁሞት ይሆናል። በላይዳ ሰው ይከሰሳል?»

ከበሩ ጥግ አቶ ዋሴ እጃቸውን አነሡ። ለመርዳት ነበር።

«ይቅርታ ካህናት፣ ስለማውቀው ነው። የምናቆመው እኛ ነን፤ የእኛ ሰፈር ሰዎች። ላይዳ የምርት ዘበኛ አይደል? ዘበኛ ተኝቶ ይጠብቃል? ይኸው ልጄም ያውቀዋል፣ ከትንሽነቱ ጀምሮ እሱ ነበር የሚያቆምልኝ...»

ቃሉ ከአፋቸው ወጥቶ ሲያበቃ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ማንም አላያቸውም። ሁሉም ሰው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ቦታ አጥቶ ነበር።

«ምን ሊያጣላቸው?» አሉ አቶ ዋሴ፣ ድምፃቸው አንሶ። «ዶክተር ያደረገው እሱ አይደለም እንዴ?»

«ዶክተር እዮብ» አለች ሐረገወይን። ይህን ጥያቄ የጠየቀችው ወደ ግድግዳው እያየች ነው። «ዘመነ የዶክትሬት ተማሪ ናቸው?»

«አይደለም» አለ እዮብ። «ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወድቋል። ሦስተኛ ሲያመለክት ያስገባው ንድፈ ሐሳብ ከሌላ ሰው ሥራ የተገለበጠ ነበር። ደንቡ ለዘለዓለም እንዲታገድ ነው የሚለው። ዓለምነህ ‹ማመልከቻው አልተሟላም› ብሎ ብቻ መለሰው። እኔ ኮሚቴው ውስጥ ነበርሁ። ዝም አልሁ።»

«እኔ አብሬው ተፈትኛለሁ» አለች ዕፀገነት። «ውጤት ሲለጠፍ ስሙ አልነበረም። በየመንደሩ ዶክተር ሲሉት መሬት መሬት አያለሁ። አፍሬለት ነው። ብናገር ኖሮ...» አልጨረሰችውም።

ዘመነ ለኢንስፔክተሯ አልተናገረም። ፊቱን ወደ አባቱ መልሶ፣ ዓይኑን ግን እግራቸው ላይ ጥሎ ነበር የሚናገረው።

«መጀመሪያ ባመለከትሁበት ዓመት አልፋለሁ ብዬ ነው ቀድሜ የነገርሁህ። አንተ በሬውን አርደህ ነበር። ከዚያ እንዴት ብዬ ልንገርህ? በየዓመቱ ዘንድሮ እገባና ውሸቱ እውነት ይሆናል እላለሁ። ያን ማታ ለመንሁት፤ ነገ አባቴ ፊት ዝም ብለህ ብቻ ተቀመጥልኝ አልሁት። ‹ባልሠራሁት ሥራ አልመሰገንም› አለኝ። ‹ዛሬውኑ ደውልና እውነቱን ንገረው፤ እኔ አጠገብህ እቆማለሁ። ከዚያ አንድ ዓመት አንብብና በራስህ ሥራ አመልክት› ብሎ የራሱን ስልክ ከኪሱ አውጥቶ፣ ቁጥርህን ደውሎ ሰጠኝ። መጥራት ጀምሮ ነበር። ገፋሁት። እሱን አልነበረም፤ ስልኩን ነበር የገፋሁት።»

አቶ ዋሴ ያን ማታ ስልካቸው አንዴ ጠርቶ መቋረጡን አስታወሱ።

«ሲወድቅ ለምን ሰው አልጠራህም?» አለ አንዳርጌ። የመጀመሪያ ጊዜው ነው ወደ ዘመነ ሲያይ።

«ሰው ቢመጣ በምን ተጣላችሁ ይለኝ ነበር።»

«ይተነፍስ ነበር?»

ዘመነ ዓይኑን ከአባቱ እግር አላነሣም። «አላየሁም» አለ። «ማየት አፈርሁ።»

ከውጭ የለቀስተኛው ድምፅ ይሰማል። አንዱ ሽማግሌ አንዳርጌ ሲታሰር ይህ ልጅ የት ነበር ብለው ጠየቁ። ሳጅን ፍሥሐ፣ አጠገቤ ቆሞ ነበር አለ፤ ጨለማው ጎጆ ውስጥ ካቴናውን ሳጠልቅ በስልኩ መብራት ያበራልኝ እሱ ነው። ይህን ሲናገር ለራሱም አፍሮ ነበር። ከዚያ ቁልፉን አወጣ።

አቶ ዋሴ ከበሩ ጥግ አልተንቀሳቀሱም። ልጃቸውን አልረገሙም፣ አልቀረቡትምም። «ታዲያ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ሰው ‹የዶክተሩ አባት› ብሎ ሲጠራ፣ አቤት ስል የነበርሁት እኔ ማን ነኝ?»

ሐረገወይን ዘመነን ይዛ በኋላ በር ወጣች። ሥራዋን ከጨረሰች በኋላ ብዙ ጊዜ የሚሰማት እፎይታ ነበር፤ ያን ቀን አልመጣም። መኪናው ውስጥ ዘመነ አንድ ጥያቄ ጠየቃት። ክሱ ሲነበብ ስሙ በምን ማዕረግ እንደሚጠራ ነበር የጠየቀው። «በስምህና በአባትህ ስም» አለችው። እጁን ፊቱ ላይ አደረገ።

ፍትሐቱ ተጀመረ። አለቃው ራሳቸው አንዳርጌን እጁን ይዘው ወደ አስከሬኑ መሩት። ቃሬዛውን ከፊት ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር። የካቴናው ምልክት ገና አንጓው ላይ አለ። መቃብሩ አፍ ላይ ቤተ ዘመድ በረድፍ ቆመ። እዮብና ዕፀገነት ከረድፉ ኋላ፣ ከሁሉም ራቅ ብለው ቆሙ።

አንዳርጌ ቀና ሲል ከቅጥሩ በር ውጭ ሽማግሌውን አየ። አቶ ዋሴ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አሥረዋል። አላፊው ሁሉ በአጠገባቸው ሲያልፍ ሰላምታውን እየዋጠ ነበር። አንዳርጌ ጥቂት አሰበ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ አለ፤ ከጎኑ አንድ ሰው የሚያቆም ቦታ ተከፈተ።

ሽማግሌው አዩት። ቦታው ለእሳቸው መሆኑ ገብቷቸዋል። እዚያው ከበሩ ውጭ ተንበርክከው ግንባራቸው መሬት እስኪነካ ሰገዱ፤ ተነሥተው ግን አልገቡም።

አፈሩ እስኪመለስና ሕዝቡ እስኪበተን ድረስ አንዳርጌ ቦታውን አልዘጋውም።